አህያውን ፈርቶ ዳውላውን

እስቲ በጥያቄ እንጀምር። በ2010 ዓ.ም. ሁለት አገሮች በስፖርት ያጭበረበሩ ልጆቻቸውን ቀጡ። አንዷ አውስትራሊያ ነች፤ ሌላዋ እኛው ራሳችን ነን። አውስትራሊያ ማንንም አላሰረችም፤ ልጆቿን ለወራት ከሜዳ አራቀቻቸው፣ በቃ። እኛ ግን አንድ የማራቶን ሯጭ በዶፒንግ ጥፋተኛ ብለን ሦስት ዓመት እስር ፈረድንበት። ታዲያ ከሁለታችን ጠንከር ያለውን ቅጣት የቀጣው ማነው?

«እኛ ነና!» አላችሁ አይደል? እኔ ደግሞ አይደለንም ባይ ነኝ። የእኛ ቅጣት ረጅም ነው እንጂ ጠንካራ አይደለም። ለምን እንደዚያ እንደምል ለማስረዳት ግን ትንሽ ስለ ክሪኬት ማውራት ሊኖርብኝ ነው። ታገሡኝ።

(ፈረስ መጋላ ቁጭ ብሎ ስለ ክሪኬት የሚያወራ ሰው ወይ ህንድ ነው ወይ ምርቃናው አልወረደለትም፣ አውቃለሁ!) ግን እኮ ህንዶች ለሐረር ባዕድ አይደሉም። ቱሪስት ሁሉ ሳያየው የማይሄደውን፣ እኛ «ራምቦ ቤት» የምንለውን ቤት የሠራው የህንድ ነጋዴ ነው። የሐረር ጦር አካዳሚን በጃንሆይ ጊዜ ያቋቋሙትም የህንድ መኮንኖች ነበሩ። ነጋዴው ቤቱን፣ መኮንኖቹ ሥልጠናቸውን ትተውልን ሄዱ። ክሪኬታቸው ግን አልተረፈንም።

ባጭሩ እንዲህ ነው። የክሪኬት ኳስ ጠንካራ ነው፤ ላዩ ቆዳ ነው። ጨዋታው እየገፋ ሲሄድ ኳሱ ይሻክራል። ተጫዋቾቹ ታዲያ አንዱን ጎን ብቻ መርጠው በሱሪያቸው እያሹ ይወለውሉታል። አንድ ጎኑ ለስላሳ፣ ሌላ ጎኑ ሻካራ የሆነ ኳስ አየር ላይ ሳይታሰብ ይታጠፋል፤ መቺውን ያታልለዋል። በሱሪ ማሸት ይፈቀዳል። በላብ ማራስም ይፈቀዳል (ምራቅ እንኳ ከኮሮና ወዲህ በዓለም አቀፍ ጨዋታ ተከልክሏል)። በጥፍር መቧጨር፣ በቆርኪ መፋቅ፣ በሆነ ነገር መፈግፈግ ግን ክልክል ነው። ዳኞቹ በጨዋታው መሃል ኳሱን እየተቀበሉ ያገላብጡታል። ተነካክቶ ካገኙት ኳሱን ይለውጡና ለተቃራኒው ቡድን 5 ነጥብ ይሰጣሉ።

መጋቢት 2010 ኬፕታውን ላይ አውስትራሊያ ከደቡብ አፍሪካ ጋር እየተጫወተች ነው። ካሜሮን ባንክሮፍት የሚባል፣ ብሔራዊ ቡድኑን ከተቀላቀለ ገና ወራት የሆነው ልጅ ኪሱ ውስጥ ብርጭቆ ወረቀት ይዞ ገብቷል። አናጢ ጣውላ የሚያለሰልስበትን ማለቴ ነው። ኳሱን በእሱ ሲፈገፍግ ካሜራ ያዘው። ደንግጦ ሱሪው ውስጥ ወሸቀው፤ ሲወሽቀውም ካሜራው ያዘው።

እዚህ ላይ ቆም በሉ። በእኛ አገር ቢሆን ታሪኩ እዚህ ጋ ያልቅ ነበር። ወረቀቱ ተገኘ፣ ወረቀቱን የያዘው እጅ ተገኘ፣ እጁ ይቆረጥ! ፋይሉ ተዘጋ!

አውስትራሊያውያን ግን አንድ ጥያቄ ጨመሩ፤ ማነው የላከው? ሲመረመር ዕቅዱን ያወጣውና ለልጁ እንዴት እንደሚፈገፈግ ያሳየው ምክትል አምበሉ ዴቪድ ዋርነር ሆኖ ተገኘ። አምበሉ ስቲቭ ስሚዝ ደግሞ እያወቀ አላስቆመም። የአገራቸው የክሪኬት ፌዴሬሽን እንዲህ ፈረደ፤ ለአምበሉ 12 ወር፣ ለምክትሉ 12 ወር፣ ወረቀቱን በእጁ ይዞ ለተያዘው ልጅ 9 ወር። አሰልጣኙ ዳረን ሌማን ነገሩን አያውቅም ነበር ቢባልም ሥራውን ለቀቀ። ከወራት በኋላ «በምንም መንገድ ማሸነፍ» የሚለውን ባህል የመረመረ ሪፖርት ወጣ፤ የቦርዱ ሊቀመንበርም ወንበሩን ተወ። የሚገርመው፣ ዓለም አቀፉ የክሪኬት ምክር ቤት ለአምበሉ የሰጠው ቅጣት የአንድ ጨዋታ ዕገዳና የዚያን ጨዋታ ክፍያ ማጣት ብቻ ነበር። ከበድ ያለውን የቀጣው የገዛ አገሩ ነው። ዓለም አቀፉ ምክር ቤትም ሕጉን ያጠበቀው ከዚያ በኋላ ነው።

አያችሁልኝ? የያዘው 9፣ ያዘዘው 12። «ዓሣ የሚገማው ከጭንቅላቱ ነው» የሚለውን ተረት የምንተርተው እኛ ነን፤ በሥራ ያዋሉት ግን እነሱ ሆኑ።

ወደ ቤታችን እንመለስ። መጋቢት 2008 የዓለም አትሌቲክስ ፕሬዚዳንት ሴባስቲያን ኮ አምስት አገሮችን ጠራ። ኢትዮጵያ፣ ኬንያ፣ ሞሮኮ፣ ዩክሬንና ቤላሩስ። በፀረ-ዶፒንግ ሥራቸው ነፍሳቸው አጣዳፊ ሕክምና ላይ ያለች አገሮች ናቸው አለ። የአበበ ቢቂላ አገር እንዲህ ስትባል ደነገጥን። ከድንጋጤያችንም ጥሩ ነገር ተወለደ፤ ይህን መካድ ነውር ነው። ብሔራዊ የፀረ-ዶፒንግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ ኋላም አድጎ ባለሥልጣን ተባለ። የሚመረመሩት ሯጮች ቁጥር ጨመረ። ከ1997 ጀምሮ ሥራ ላይ ያለው የወንጀል ሕጋችን ስለ ዶፒንግ የሚናገር አንቀጽ ነበረው፤ አቧራው ተራገፈለት። በ2010 ደግሞ ያ ሯጭ ሦስት ዓመት ተፈረደበት።

ዜናው ምን ነገረን? የሯጩን ስም፣ የእስሩን ዓመት። አለቀ። ቡና ላይም፣ በርጫ ላይም፣ ታክሲ ውስጥም የተወራው ይኸው ነው። «ይበለው! አገር አዋረደ!» ከማለት አልፎ «ለመሆኑ መድኃኒቱን ማን ሰጠው?» ያለ ሰው ስንት ነበር?

ይህ ጥያቄ ለምን ዋና እንደሆነ በአንድ መድኃኒት ላሳያችሁ። ኢፒኦ ይባላል። ኩላሊታቸው ደክሞ ደም ለሚያንሳቸው ሰዎች የተሠራ መርፌ ነው። ቀይ የደም ሴል ያበዛል፤ ቀይ የደም ሴል ኦክስጅን ይሸከማል፤ ኦክስጅን ደግሞ ለረጅም ርቀት ሯጭ ነዳጁ ነው። በ2016 ዓ.ም. አንዲት የመሰናክል ሯጫችን አምስት ዓመት የታገደችው በኢፒኦና በቴስቶስትሮን ነው። አሁን ስለዚህ መርፌ ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ሲጓጓዝም ሲቀመጥም ቅዝቃዜ ይፈልጋል፤ ፍሪጅ ማለት ነው። ሁለተኛ፣ መጠኑን ማስላትና ቀኑን መቁጠር ይፈልጋል፤ ያለዚያ ደም ወፍሮ ልብ ያቆማል። ከገጠር መጥታ ከሦስት ጓደኞቿ ጋር ተከራይታ የምትኖር የ18 ዓመት ልጅ ፍሪጁን ከየት አመጣችው? ስሌቱንስ ማን አስተማራት? ገንዘቡስ ከማን ኪስ ወጣ?

ከመርፌው ጀርባ ፍሪጅ አለ፤ ከፍሪጁ ጀርባ ሰው አለ። እኛ የምናስረው መርፌው የገባበትን ክንድ ነው!

ከፈረስ መጋላ ወደ ጊዲር መጋላ የሚወስደውን የልብስ ሰፊዎች መንገድ፣ መኪና ግርግርን፣ ታውቁታላችሁ። እዚያ ያሰፋሁት ቀሚስ ቢበላሽብኝ መቀሱን አልከስም። ሰፊውን ነው የማናግረው። እርግጥ ሰው መቀስ አይደለም፣ ሯጭም ኃላፊነት አለበት። ግን ተያዙ ሲባል ሁልጊዜ መቀሱ ብቻ ከታሰረ፣ ሰፊው ነገ ሌላ መቀስ ይገዛል። መቀስ ደግሞ በአገራችን ሞልቷል፤ ጫማ ሳይኖረው የሚሮጥ፣ ቤተሰቡን ከድህነት አወጣለሁ ብሎ የሚምል ታዳጊ መቼ ጠፍቶ ያውቃል!

«አቦ፣ እሱው ነው የዋጠው፣ እሱው ይቻለው!» ይሉኛል ጓደኞቼ። ነጥብ አላቸው። የዓለም የፀረ-ዶፒንግ ሕግም የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሰውነትህ ውስጥ ለተገኘው ነገር ተጠያቂው አንተ ነህ። ትክክል ነው። ያለዚያ ሁሉም «አላወቅሁም» እያለ ያመልጣል። ግን ያው ሕግ እዚያ ላይ አይቆምም። የሰጠ፣ የሸጠ፣ የተባበረ፣ የሸፋፈነ ሁሉ ጥፋተኛ ነው ይላል። ለሰጠና ለሸጠ የሚጀምረው ቅጣት አራት ዓመት ሆኖ እስከ ዕድሜ ልክ ይሄዳል። የተያዘው ልጅ ዕድሜው ያልደረሰ ከሆነ፣ ወይም የአንድ አሰልጣኝ ከአንድ በላይ ሯጮች ከተያዙ፣ በዙሪያቸው ባሉት ላይ ምርመራው ወዲያውኑ መከፈት አለበት ይላል። የታገደ አሰልጣኝ ወይም ሐኪም ጋር መሥራት ራሱ ጥፋት ነው ይላል። ሕጉን ግማሽ ድረስ አንብበን መጽሐፉን የዘጋነው እኛ ነን።

«ማስረጃ ከየት ይመጣል? ሯጩን ሽንቱ ያጋልጠዋል፤ አሰልጣኙን ምን ያጋልጠዋል?» ይህም ጥሩ ጥያቄ ነው። መልሱ አልቤርቶ ሳላዛር ነው። የሞ ፋራህ አሰልጣኝ የነበረው ታዋቂ አሜሪካዊ በ2012 ዓ.ም. መጀመሪያ አራት ዓመት ታገደ። ለዚያ ውሳኔ መነሻ የሆነ የአንድም ሯጭ የላቦራቶሪ ውጤት አልነበረም። መርማሪዎቹ ሰው አነጋገሩ፣ ኢሜይል አነበቡ፣ ዓመታት ፈጀባቸው፣ ግን ደረሱበት። ይግባኝ ቢልም በ2014 የስፖርት ግልግል ፍርድ ቤቱ አጸናበት። ማስረጃ ለፈለገው ይገኛል። የፋርማሲ ደረሰኝ አለ፣ የባንክ ዝውውር አለ፣ የስልክ መልእክት አለ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የተያዘው ሯጭ ራሱ አለ። ማን እንደሰጠው ቢናገር ቅጣቱ እንደሚቀንስለት ሕጉ ይፈቅዳል። ሯጩን ዘግተን ካሰርነው ግን ከእሱ ጋር ምስክራችንንም አሰርን ማለት ነው።

እንዳትሳሳቱብኝ፣ ያለ ማስረጃ እንቅጣ እያልኩ አይደለም። ክሪኬትም በዚህ ተቃጥሏል። ነሐሴ 1998 ለንደን ላይ ዳኞቹ የፓኪስታን ቡድን ኳሱን ነካክቷል ብለው 5 ነጥብ ቀጡት። ፓኪስታኖች ተቆጥተው በሰዓቱ ወደ ሜዳ አንመለስም አሉ፤ ጨዋታው በፎርፌ ተሰጠ። በቴስት ክሪኬት የ129 ዓመት ታሪክ ያልታየ ነገር ነበር። በኋላ ሲጣራ ኳሱን ለመነካካታቸው በቂ ማስረጃ አልተገኘም፤ አምበላቸው የተቀጣው ሜዳ ባለመመለሱ ነው። በእኛ በኩልም ለስዊድን ትሮጥ የነበረችውን የአገራችንን ልጅ የአበባ አረጋዊን ነገር አስታውሱ። በ2008 ሜልዶኒየም ተገኘባት ሲባል በአንድ ቀን ከጀግና ወደ ወንጀለኛ አወረድናት። መድኃኒቱ የተከለከለው ከዚያው ከጃንዋሪ ጀምሮ ነበር፤ ከሰውነት ለመውጣት ስንት ጊዜ እንደሚፈጅም በውል አይታወቅም ነበር። በዚያው ዓመት ሐምሌ ዕገዳው ተነሳላት። ስድቡን ግን ማን አነሳላት? ስለዚህ የምለው በችኮላ ሰቅለን እንውረድ አይደለም። በትዕግሥት እስከ ላይ እንውጣ ነው።

ደግሞ ቅጣት ሁልጊዜ ዘግይቶ የሚመጣ ነገር ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ! (ጅብ ሲባል ሐረር ታውቅበታለች።) መከላከሉስ? እዚህ ላይ የራሳችንን ከተማ ልጥራ። ጫት ውስጥ ካቲን የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ካቲን በዓለም የፀረ-ዶፒንግ ዝርዝር ውስጥ በስሙ ተጽፏል፤ በውድድር ቀን በሽንት ውስጥ በሚሊ ሊትር ከ5 ማይክሮግራም በላይ ከተገኘ ጥፋት ነው። ወንድሙ ካቲኖንም ዝርዝሩ ውስጥ አለ። ይህን እዚህ ፈረስ መጋላ ላይ፣ ከአወዳይ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቀን፣ ስንታችን እናውቃለን? በውድድር ዋዜማ ከጓደኞቹ ጋር በርጫ የተቀመጠ ልጅ ጠዋት ለምርመራ ቢጠራ ዶፒንግ ተብሎ ሊያዝ እንደሚችል ማን ነግሮታል? አሰልጣኙ? ክለቡ? እዚህ አገር ማስጠንቀቂያ የሚሰጠው በአማርኛ፣ አዲስ አበባ ሆቴል ውስጥ፣ ከሻይ ዕረፍት ጋር ነው። ልጁ ግን የሚያስበው በኦሮምኛ ነው፣ ወይ በሐረሪ፣ ወይ በሶማሊኛ።

ፋርማሲውንም አንርሳ። ያለ ሐኪም ወረቀት መድኃኒት መግዛት የለመድነው ነገር ነው። ሴቶች ለመወፈር ብለው ዴክሳሜታዞን እንደ ከረሜላ ሲገዙ ታውቃላችሁ። ይኸው ኪኒን ለሯጭ በውድድር ጊዜ የተከለከለ ነው። የጉንፋን መድኃኒት ውስጥ ያለው ሱዶኤፌድሪንም ከመጠን ካለፈ እንደዚያው። ሻጩ «ስፖርተኛ ነህ ወይ?» ብሎ ይጠይቃል? አይጠይቅም። ልጁ ሲያዝ ሻጩ ይጠየቃል? ይኸው ነው ችግሩ።

አንድ ልጨምር፣ ዕድሜ። የሰፈራችን ስም እንደሚናገረው እዚህ ቦታ ድሮ ፈረስ ይሸጥ ነበር። ፈረስ ገዢ የሻጩን ምላስ አያምንም፤ አፉን ከፍቶ ጥርሱን ያያል። ዕድሜው እዚያ ተጽፏልና። በእግር ኳስም ፊፋ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ በ2002 ዓ.ም. የተጫዋቾችን የእጅ አንጓ በኤምአርአይ ማየት ጀመረ፤ የወረቀት ዕድሜ አላስተማመነውማ። የአጥንቱ ጫፍ ሙሉ በሙሉ ከተጋጠመ ልጁ ልጅ አይደለም። በዚህ የተያዘ ተጫዋች ይባረራል፣ ይሳቅበታል፣ «ሽማግሌው ታዳጊ» ይባላል። መልካም። ግን የልደት ካርዱን ልጁ ራሱ አላተመውም። ማህተም ያለው ጽሕፈት ቤት አለ፣ ፊርማ ያለው ሰው አለ፣ «ሁለት ዓመት ቀንስለት» ያለ አሰልጣኝ አለ፣ ዋንጫውን ተቀብሎ ፎቶ የተነሳ ኃላፊ አለ። በአንድ የውሸት ካርድ ላይ ቢያንስ አራት እጅ አርፏል። የሚቀጣው አንዱ ነው፤ እሱም ትንሹ እጅ።

እንግዲህ ማማረር ብቻ አይበጅምና የምጠይቀውን በግልጽ ልናገር።

አንድ፤ ሯጭ በተያዘ ቀን በአሰልጣኙ፣ በማናጀሩና በሐኪሙ ላይም ፋይል ይከፈት። ነፃ ከሆኑ «ነፃ ናቸው» ተብሎ ይነገረን፤ እነሱም ከሐሜት ይድናሉ። ዋናው ነገር ሳይጠየቁ እንዳይታለፉ ነው።

ሁለት፤ ቅጣቱ ወደ ላይ ሲወጣ ይክበድ እንጂ አይቅለል። ያዘዘው ከታዘዘው፣ የሸጠው ከገዛው፣ ያወቀው ካላወቀው በላይ ይቀጣ። እስር ካስፈለገ መጀመሪያ ፍሪጁ ያለው ሰው ይታሰር።

ሦስት፤ እውነቱን የተናገረ ሯጭ ይቅለልለት። ይህን ለእሱ ስል አይደለም፤ ከእሱ በኋላ ለሚመጡት አሥር ልጆች ስል ነው።

አራት፤ ትምህርቱ ከመጀመሪያው ውድድር በፊት፣ ልጁ በሚሰማው ቋንቋ፣ ልጁ ባለበት ከተማ ይሰጥ። ሐረር ላይ ስለ ጫት የማይናገር የፀረ-ዶፒንግ ትምህርት፣ ባሕር ዳር ላይ ስለ ዋና እንደማይናገር የውኃ አደጋ ትምህርት ነው።

አምስት፤ ያለ ወረቀት የሚሸጥ ፋርማሲ ፈቃዱ ይነጠቅ። ይህ ደግሞ ከስፖርትም አልፎ ለሁላችንም ጤና ነው።

«ይህ ሁሉ ለማን ይጠቅማል? ስማችንን ማጥፋት ነው» የሚሉ አሉ። ስማችንን የሚያጠፋው እስኪ ማነው? አውስትራሊያ አምበሏን በዓለም ፊት ስታዋርድ ስሟ ጠፋ? ሁለቱም ቅጣታቸውን ጨርሰው ተመለሱ፣ ተጫወቱ፣ አሸነፉ። የታመነ ድል ማግኘት የሚቻለው የተጠረገ ቤት ሲኖር ነው። የእኛዎቹ ንጹሐን ሯጮች፣ እነዚያ ጎህ ሳይቀድ እንጦጦን የሚወጡት፣ ሪኮርድ በሰበሩ ቁጥር «ምን ወስደው ይሆን?» የሚባሉት እኛ ቤታችንን ስላልጠረግን ነው። ለእነሱ ሲባል ነው የምጮኸው።

አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል ያገሬ ሰው። ዳውላው እስር ቤት ገብቶ፣ ሦስት ዓመት ተደብድቦ፣ አቧራው ተራግፎ ይወጣል። አህያው ግን እዚያው ቆሞ ነው፤ ነገ የሚጭነውን ሌላ ዳውላ እየጠበቀ።

ቸር ይግጠመን!